መዶሻውን አስቀምጡት!

ስለ አንድ ብረት ልንገራችሁ። ከአንድ ዘንግና ከአንድ መንጋጋ የተሠራ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቢታይ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፍ ብረት ነው። እኔ ግን ካየሁት ቀን ጀምሮ ከእሱ ሌላ ወሬ የለኝም። ቡና ላይ ስለ እሱ አወራለሁ፤ ስልክ ደውዬ ስለ እሱ አወራለሁ፤ ስለ መኪና ደንታ የሌላቸው ዘመዶቼ ሳይቀሩ የኮኒካል ዘንግ ነገር ዛሬ ጠንቅቀው ያውቃሉ። አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

ፑለር ነው። ተጣብቆ እምቢ ያለን ዕቃ ከዘንጉ ላይ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ። ባለ ሦስት ክንዱ ፑለር በየጋራዡ ስላለ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። እኔ የማወራው ግን ስለዚያ አይደለም። ይኼኛው የተሠራው ለአንድ መኪና፣ ለፎርድ ሞዴል ኤ ነው፤ ከሞዴል ኤም ውስጥ ለአንድ ቦታ፣ ለኋላው ሞዞ ብቻ። ሌላ የትም አይገባም። ሞዴል ኤ ከ1927 መጨረሻ እስከ 1932 መጀመሪያ ድረስ ተመርቶ ወደ 4.8 ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና ከፋብሪካ ወጥቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን ኒውዮርክ ስቴት፣ ቡፋሎ ከተማ የነበረ ኬ. አር. ዊልሰን የሚባል ድርጅት ለፎርድ ጋራዦች እንዲህ ዓይነት ልዩ መሣሪያዎች እየሠራ ያቀርብ ነበር። መኪናው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ መሣሪያውም ነበረ። መኪናው ሲያረጅ መሣሪያዎቹም አብረው ተረሱ፤ ገሚሱ ተሰበረ፣ ገሚሱ ቀለጠ፣ የተረፈውም በሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ቀረ።

እኔ ያየሁት ከዚያ ዘመን የተረፈውን አይደለም። ቅጂውን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ ጎረቤቴ በራሳቸው ጋራዥ፣ በራሳቸው ቶርኖ የሠሩትን አዲስ ቅጂ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ደግሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን የጠፋ መሣሪያ እየፈለጉ፣ እየለኩ፣ ስዕሉን እያወጡ መልሰው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ገበያው ምን ያህል ነው? አንድ ዓይነት መሣሪያ ሠርተው ጥቂት ደርዘን ቢሸጡ እንደ ትልቅ ነገር ነው። ለገንዘቡ ብሎ እዚህ ሥራ ውስጥ የሚገባ የለም። እኔን አፍ ያስከፈተኝም ይኼው ነው፤ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ሚሊሜትር በማይሞላ ልክ የሚጨነቁ ሰዎች።

ለምን እንደሚጨነቁ እንዲገባችሁ የሞዞውን ነገር ላስረዳ። የሞዴል ኤ የኋላ አክስል ዘንግ ጫፉ ሾጣጣ (ኮኒካል) ነው። የሞዞውም ቀዳዳ ከውስጥ በዚያው ልክ ይሾጥጣል። በመካከላቸው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ትገባለች፤ ከዚያ ዳዶው ይጠብቅና በኮፒሊያ ይታሰራል። ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ሞዞው ሾጣጣው ላይ እየገፋ ይወጣል፣ ይነክሳል። የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያሻግረው በዋናነት ይህ ንክሻ ነው፤ ሽብልቋ አጋዥ ናት።

ታዲያ ዳዶውን ፈትታችሁ ብታነሱት ሞዞው ይወጣል? ንቅንቅ አይልም። የብረት ከብረት ሰበቃ 0.15 ገደማ ነው ብንል፣ የሾጣጣው ግድግዳ ከመሃል መስመሩ ያለው ዝንባሌ ከ8 ዲግሪ ተኩል በታች እስከሆነ ድረስ ሁለቱ ብረቶች ራሳቸውን በራሳቸው ቆልፈው ይቀመጣሉ። ብሎን አያስፈልጋቸውም፣ ማጣበቂያ አያስፈልጋቸውም። በዚህ ላይ የዘጠና ዓመት ዝገት ጨምሩበት።

እዚህ ጋ ነው መዶሻ የሚነሳው። በየትም አገር፣ በየትኛውም ጋራዥ። አንዱ ከሞዞው ጋር የተያያዘውን የፍሬን ታምቡር ከኋላ ይወቅጣል፤ ታምቡሩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ሌላው ደግሞ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚጠመድ ድፍን ብረት ያስገባና በከባድ መዶሻ ይመታዋል። ሞዞው አንዳንዴ በርግጥ ይወጣል። ግን ያ ምት የት ሄደ? በዘንጉ በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታውን፣ ዲፈረንሻሉን መትቷል። ዘንጉ ራሱ ሊሰበር ይችላል። ሠራተኛው ሞዞ አወጣሁ ብሎ ደስ እያለው ሌላ ቦታ ጉዳት አስቀምጦ ይሄዳል። ጠንቃቃው ባለ ሦስት ክንዱን ፑለር ያመጣል፤ እሱም አይሆንም። ክንዶቹ የሚይዙት የታምቡሩን ጠርዝ ነው፤ የተጣበቀው ግን መሃሉ ነው። ጠርዙ ሲሳብ መሃሉ እምቢ ይላል፣ ታምቡሩም እንደ ምጣድ አክንባሎ ይቆለመማል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መኪናው ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደሚያስደንቀው ነገር ልምጣ። የሞዴል ኤ የኋላ ሞዞ ከጎማው መሃል ወጣ ብሎ ይታያል፤ ጫፉ አካባቢም ዙሪያውን የሚሄድ ከንፈር አለው። ላላወቀው ሰው ጌጥ ይመስላል። ጌጥ አይደለም! መኪናው ገና ወረቀት ላይ ሳለ፣ ይህ ሞዞ አንድ ቀን መውጣቱ እንደማይቀር ያሰበ ሰው ያስቀመጠው መያዣ ነው። ያ ፑለር ሁለት ግማሽ ሆኖ ይከፈታል፤ ሞዞውን ያቅፋል፤ ያችን ከንፈር ይነክስና በብሎን ይዘጋል። ከዚያ የመሃሉ ብሎን የዘንጉን ጫፍ ይገፋል። የሚሳበው የተጣበቀው ቦታ ራሱ ነው፤ ታምቡሩ ሸክም የለበትም፣ ኩሽኔታው ምት አያርፍበትም። አንዱ ብረት ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ፣ በአንድ ቀጥተኛ መስመር።

ይኼን ሳይ ነው ልቤ የሸፈተው። ያ ከንፈር ለብቻው ትርጉም የለውም። መሣሪያው ከጠፋ ማንም አያነበውም፤ መሣሪያው ሲመለስ ግን የመሐንዲሱ ሐሳብ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። የሞዴል ኤ ሠሪዎች መኪናውን ብቻ አልሠሩም፤ መኪናው እንዴት እንደሚፈታ አብረው ሠርተዋል። ስለዚህ መሣሪያው የመኪናው ግማሽ ነው ብል አላጋነንኩም። ያለ እሱ መኪናውን ያቆየ ሰው ጎዶሎ ነገር ነው ያቆየው።

ስለ ጉልበቱ አንድ ነገር ልጨምር። ረዘም ባለ መፍቻ 100 ኒውተን ሜትር ማሳረፍ ማንም ጤነኛ ሰው የሚችለው ነው። ያን ጉልበት 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ሲቀበለው ጫፉ ላይ ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ግፊት ይሆናል። ሦስት ቶን፣ በሁለት እጅ! ጥርሱ ላይ ጥሩ ግራሶ ከተቀባ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ አሠራሩ ችኮላ የለውም። ትጠብቃላችሁ፣ ትቆማላችሁ፣ የብሎኑን ራስ በመዶሻ አንዴ ቀስ ብላችሁ ትነካላችሁ፣ ደግሞ ሩብ ዙር ትጨምራላችሁ። ከዚያ ድንገት፦ ጧ!

ያንን ድምፅ የሰማ አይረሳውም። ሾጣጣ ነገር ጥቂት በጥቂት አይለቅም፤ ለአንድ ፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ሁሉም በአንዴ ይለቃል። ለዚህ ነው ዳዶው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ ጥቂት ጥርስ ይዞ ጫፍ ላይ እንዲቀር የሚደረገው። ሁለት ነገር ያድናል፤ ሞዞው ተስፈንጥሮ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ይይዛል፣ የዘንጉን ጥርስም ከግፊቱ ይከላከላል። ይኼን ሳያደርጉ ፑለር የሚያስሩ ሰዎች ስላሉ እባካችሁ ልብ በሉ።

የቅጂው አሠራር ደግሞ! ሠሪዎቹ አንድ አሮጌ ፑለር ከየትም ብለው አገኙ እንበል። ቀላሉ መንገድ የሚመስለው አሸዋ ላይ አትሞ ብረት ማፍሰስ ነው። ግን አይሆንም። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ጊዛ 1 በመቶ ገደማ፣ አረብ ብረት 2 በመቶ ገደማ። 100 ሚሊሜትር የነበረው 98 ሆኖ ይወጣል። ሞዞውን ማቀፍ ያለበት መንጋጋ በ2 ሚሊሜትር ጠበበ ማለት ሞዞው ላይ አይገባም ማለት ነው። ስለዚህ የዱሮዎቹ ሞዴል ሠሪዎች የኩምትርቱን ያህል አስፍተው የእንጨት ሞዴል ይቀርጹ ነበር፤ የዛሬዎቹም ኮምፒዩተር ላይ ስዕሉን አስፍተው በፕላስቲክ ያትሙታል። ዋናውን ዕቃ እንደ ሞዴል የተጠቀመ ሰው ከቅጂው ቅጂ፣ ከቅጂው ቅጂ እያለ በሄደ ቁጥር መሣሪያው እየኮሰመነ ይመጣል።

ጎረቤቴ ማፍሰሱን ትተውታል። ከድፍን ብረት ቆርጠው፣ በቶርኖና በፍሬዛ አውጥተው ነው የሠሩት። ብረቱም ተራ አይደለም፤ ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት፣ 4140 የሚባለው ነው። 0.4 በመቶ ካርቦን፣ 1 በመቶ ገደማ ክሮም፣ 0.2 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም። ከተነከረና ከተመለሰ በኋላ ቶርኖ ላይ ሊቆረጥ የሚችል፣ ግን ሦስት ቶን ሲያርፍበት የማይዘረጋ ብረት ይሆናል። ምርጫው ይኼን ያህል የሚያስጨንቀው ፑለር ሲሰበር ስለሚፈነዳ ነው። ሲሰበር ያ ሁሉ ተጠራቅሞ የነበረ ጉልበት በአንዴ ይለቀቃል፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ጎንበስ ያለ ሰው አለ። ለዚህ ነው ከማላውቀው ጊዛ የፈሰሰ ርካሽ ፑለር ባይ እጄን የምሰበስበው፤ ከ4140 የተሠራውን ግን በሙሉ ልብ የማስረው። የብሎኑ ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሽ የኩሽኔታ ኳስ ተቀምጣለች። ብሎኑ ሲዞር ኳሷ ትዞራለች እንጂ የዘንጉን ጫፍ አይቦረቡርም። መንጋጋውን ከውስጥ በጣታችሁ ስትነኩት የከንፈሩ ልክ ይታወቃችኋል፤ ስለታም ጠርዝ የለውም፣ ጥጉ ሁሉ በስሱ ክብ ተደርጓል፤ ብረት መሰንጠቅ የሚጀምረው ከስለታም ጥግ ነውና።

ቅጂ ነው ስላልኩ ርካሽ ማስመሰያ እንዳይመስላችሁ። ይህ ቅጂ በብረቱ ጥራት ከዋናው ሳይሻል አይቀርም። ሕጉም አያስፈራም፤ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፓተንት የሚቆየው 17 ዓመት ስለነበር የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ መሣሪያዎች መብት ድሮ አልቋል። አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ እቆማለሁ፤ የዱሮውን ድርጅት ስም አትሞ መሸጥ ነውር ነው። ሐቀኛው ሠሪ የራሱን ምልክትና የሠራበትን ዓመት ይቀርጻል። ጎረቤቴ እንደዚያ አድርገዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያገኘው ሰው ምን እንደያዘ ያውቃል።

ጥርስን በተመለከተ ግን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 የብሎን ጥርስን ደረጃ ሲያወጣ ማዕዘኑን 55 ዲግሪ አደረገው። አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ ደግሞ በ1864 60 ዲግሪ ይሁን አለ። ግማሽ ኢንች ብሎን በዊትዎርዝ በአንድ ኢንች 12 ጥርስ፣ በአሜሪካው 13 ጥርስ ነው። በአንዷ ጥርስ ልዩነት ሁለቱ አይጋጠሙም። ሩብ ኢንቹ ግን በሁለቱም 20 ጥርስ ስለሆነ ይገባል፤ ይገባል እንጂ ማዕዘኑ ስለማይገጥም በደንብ አይይዝም። ፑለር በዚህ ከተሳሳተ የሚበላው የራሱን ጥርስ አይደለም፣ ምትክ የሌለውን የመኪናውን ጥርስ ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ ፑለር ለምሳሌ የሚጠመደው የሞዞው ክዳን በሚገባበት ጥርስ ላይ ነው፤ ያ ጥርስ ከተበላ ሞዞው ራሱ ተበላሸ።

ከዚህም የባሰ አለ። የሞሪስ ኩባንያ በ1923 ኮቨንትሪ ያለውን የሆችኪስን የሞተር ፋብሪካ ሲገዛ ማሽኖቹ የፈረንሳይ ሜትሪክ ጥርስ የሚያወጡ ነበሩ። ማሽኑን ከመቀየር ይልቅ ጥርሱን ሜትሪክ አድርገው፣ የብሎኑን ራስ ግን የእንግሊዝ መካኒክ በያዘው የዊትዎርዝ መፍቻ ልክ ሠሩት። ከዚያ ዘር የመጡት የኤምጂ ቲሲ እና ቲዲ ሞተሮች እስከ 1950ዎቹ ድረስ እንዲህ ነበሩ። የብሎኑን ራስ አይቶ እንግሊዝ ነው ያለ ሰው ጥርሱ ላይ ይሳሳታል! ለእነዚህ መኪኖች ፑለር የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ታሪክ ማንበብ አለበት። ብረት ቆራጭ የታሪክ ተማሪ የሚሆንበት ሌላ ሙያ ካለ ንገሩኝ።

ኦስቲን ሰቨንም አለ። ከ1922 እስከ 1939 ወደ 290,000 የሚጠጋ የተሠራ ትንሽ መኪና ሲሆን ጀርመን ውስጥ ዲክሲ በሚል ስም ይመረት ነበር፤ ቢኤምደብሊው በ1928 የዲክሲን ፋብሪካ ገዝቶ ወደ መኪና ሥራ የገባው በእሱ ነው። የዚህ መኪና ቮላኖ ክራንኩ ላይ በኮኒካል ነው የሚቀመጠው፤ ያለ ልዩ ፑለር ማውጣት ማለት ቮላኖውን መስዋዕት ማድረግ ነው። በ1959 የወጣችው ሚኒም ቮላኖዋ ኮኒካል ነው፤ የፋብሪካው ፑለር ቁጥር 18ጂ304 ይባላል። ሦስት ብሎኖች ቮላኖው ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ይገባሉ፣ የመሃሉ ይገፋል። ሚኒ ላይ ግን አንድ ተንኮል አለ፤ ከመሳቡ በፊት ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ቦይ አግድም እንዲተኛ ተደርጎ መዞር አለበት። ካልሆነ ከኋላ ያለችው የሲ ቅርጽ ሮንዴላ ከቦታዋ ወድቃ ትቀረቀራለች። የፈረንሳዩ ሲትሮን ትራክሲዮን አቫንም (ከ1934 እስከ 1957) የፊት ሞዞው ያለ ራሱ ፑለር እሺ አይልም። እያንዳንዱ መኪና የራሱ ጠባይ፣ የራሱ መያዣ አለው፤ ለእያንዳንዱም የዱሮውን መሣሪያ መልሶ የሠራ ሰው አለ።

ይኼን ሁሉ ሳይ ልቤ የሄደው አዲስ አበባ ነው። ቮልስ ላይ።

እናንተ ታውቁታላችሁ። ቮልስ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972 የፎርድ ሞዴል ቲን የ15 ሚሊዮን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የመጨረሻው በጁላይ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ዛሬም ቮልስ አላጣም፤ የአባቶቻችን መኪና ልጅ እየነዳው ነው። የቮልስ የኋላ ታምቡር እንደ ሞዴል ኤ ኮኒካል አይደለም። ዘንጉ ቀጥ ያለ፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ነው። በባለ 36 ዳዶ፣ ወደ 30 ኪሎግራም ሜትር በሚጠጋ ጉልበት ይጠብቃል። አይነክስም፤ ግን ይዝጋል፣ ዝገቱም ያጣብቀዋል።

ቮልስ ሲሠሩ የኖሩ፣ ዛሬ እጃቸው ትንሽ የደከመ አንድ መካኒክ አሉ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የኋላ ታምቡር እምቢ ሲልዎት እንዴት ነው የሚያወጡት?»

«እንጨት እደግፍና በመዶሻ ነዋ። ምን ሌላ አለ ልጄ?»

«አይሰነጠቅም?»

«እንዴት አይሰነጠቅ! ሁለተኛ ታምቡር ደግሞ ከየት ይመጣል ዛሬ? ያለችውን ነው ብየዳ እያስገባን የምንለምናት።»

ታምቡር ላይ ብየዳ! ፍሬን የሚያርፍበት ብረት ነው እኮ። የፑለሩን ልክ ነገርኳቸው። የዱሮው ቮልስ፣ እስከ 1967 ገደማ ያለው፣ አምስት የጎማ ብሎን አለው፤ ቀዳዳዎቹ በ205 ሚሊሜትር ክብ ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ አራት ብሎን ሲሆን ክቡ 130 ሚሊሜትር ነው። ወፍራም ብረት ይቆረጣል፤ አምስቱ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 120.5 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ለባለ አራቱ 92 ሚሊሜትር ገደማ። መሃሉ ላይ ደቃቅ ጥርስ ወጥቶ ጠንካራ ብሎን ይገባል። ብረቱ በመኪናው በራሱ የጎማ ብሎኖች ታምቡሩ ላይ ይታሰራል፤ የመሃሉ ብሎን ዘንጉን ይገፋል። ያው የጀርመኖቹ ሐሳብ ነው፤ መያዣው ድሮም እዚያው ነበር።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። «ይኼማ የግማሽ ቀን የቶርኖ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ ተቆጡ፤ በእኔ አይደለም፣ ባለፉት ዓመታት በሰነጠቁት ታምቡር ሁሉ። ብሎ ብሎ ደግሞ መልሰው የደወሉት እሳቸው ናቸው። አሠርተውታል፣ አስረውታል፣ ስበውታል። «ወጣ!» ሲሉኝ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር የሚመስለው ድምፃቸው። አሁን የሰፈሩ ጋራዥ ሁሉ እየመጣ ይዋሳቸዋል።

የእኛ ሰው ብልሃት እንደሌለው አድርጌ እየተናገርኩ አይደለም። ላዳ የሚሠሩ ልጆች የኋላ አክስሉን ሲያወጡ ታምቡሩን ገልብጠው በላላ ብሎን ያስሩትና ራሱን ታምቡሩን እንደ ተንሸራታች መዶሻ ወደ ውጭ ይመቱታል። ያለ ምንም ልዩ መሣሪያ! ሩስያ ውስጥም የላዳ ሰዎች ይኸው ዘዴ አላቸው። ብልሃቱ አለ። ቶርኖውም አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከድፍን ብረት የማርሽ ጥርስ የሚያወጡ እጆች አሉ፤ ለእነሱ ፑለር ምን አላት? የጎደለው ልኩ ነው። አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ ላዩ ላይ ክብ፣ ቀዳዳና ቁጥር ያለበት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይኼን ነው። የአባታችሁ ወይም የአጎታችሁ የመሣሪያ ሳጥን ቤት ውስጥ ካለ ዛሬ ክፈቱት። ለምን እንደሆነ የማይታወቅ፣ የሆነ መኪና የሆነ ቦታ ላይ ብቻ የሚገባ የሚመስል ጠማማ ብረት ካገኛችሁ ቆራሌው ሲያልፍ አትስጡት። በካሊፐር ለኩት፣ ጥርሱን ቁጠሩ፣ ወረቀት ላይ ሳሉት፣ ፎቶ አንሱት። ለየትኛው መኪና እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ መካኒክ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁት። ስዕሉን ለቶርኖ ቤት ስጡ፣ ግልባጩን ለፈለገ ሁሉ አድሉት። የቮልሱን ልክ እኔ ከላይ ጽፌላችኋለሁ፤ ቀድታችሁ ውሰዱት።